ድሪቶ

ድሪቶ ማለት የነተበ ወይም የተቀደደ ልብስ በእራፊ ጨርቅ ተደጋግሞ ሲጣፍ፣ ወይም ከተለያየ ልብስ የተረፉ ብጣሾች ተያይዘው ሲሰፉ የሚገኝ ልብስ፣ መደረቢያ ወይም ምንጣፍ ነው። ቁራጭ ጨርቅን አገጣጥሞ መስፋትና ሁለት ሦስት ጨርቅ ደርቦ በስፌት ማያያዝ በብዙ አገር ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት ሙያ ነው። በጃፓን፣ በህንድ፣ በሱዳንና በአሜሪካ የተሠሩ እንዲህ ያሉ ልብሶች ዛሬ በሙዚየም ይታያሉ። በአማርኛ ግን ድሪቶ የሚለው ቃል እስካሁን በብዛት የሚነገረው ድህነትን ለመግለጽ ነው። ከዚህ በታች ድሪቶ በኢትዮጵያ፣ በተለይም በባቡሩ ምክንያት የፋብሪካ ጨርቅ በብዛት በገባባት በድሬዳዋና በከዚራ ሰፈሯ፣ ከዚያም በሌሎች አገሮች ያለው ታሪክ ቀርቧል።

ቃሉና ዘመዶቹ

"ድሪቶ" የሚለው ስም "ደረተ" ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ደረተ ማለት እራፊ በእራፊ ላይ እየደረበ ጣፈ፣ ሰፋ ማለት ነው። ግሱ ከልብስ አልፎ ለጽሑፍም ያገለግላል፤ ከሌሎች ሥራ እየለቃቀመ መጽሐፍ የሚያወጣ ሰው "ደራሲ ሳይሆን ደራች ነው" እየተባለ ይታማል። እርስ በርሱ የማይገጥም ሐሳብም "ድሪቶ" ይባላል።

ቃሉን ከሚቀራረቡት ቃላት መለየት ያስፈልጋል። እራፊ ከአሮጌ ልብስ የተቀደደ ቁራጭ ነው፤ ብጣሽ ልብስ ሰፊው ሲቆርጥ የሚተርፈው ነው። ውራጅ ሌላ ሰው ለብሶት የተላለፈ ልብስ ሲሆን ሙሉና ደህና ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ከድሪቶ ጋር የሚምታታው ቡቱቶ ነው። ልብስ መጀመሪያ ይነትባል፣ ቀጥሎ ይቀደዳል። ዝም ከተባለ ቡቱቶ ይሆናል፤ መርፌና ክር ካገኘ ድሪቶ ይሆናል። ሁለቱም የድሃ ልብስ ቢሆኑም ድሪቶው ላይ ግን የአንድ ሰው ብዙ ሰዓት ሥራ አለበት። በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱ እንደ አንድ መቆጠራቸው ይህን ሥራ ከዓይን ሰውሮታል።

መጣፍንና መስፋትን የሚመለከት ሌላ ግስ "ጠቀመ" ነው። "የተቀደደውን ጠቀመው" ሲባል በደቃቅ ስፌት አያይዞ ጠገነው ማለት ነው። በጽሑፍ ሲታይ "ረባ፣ ጥቅም ሰጠ" ከሚለው "ጠቀመ" ጋር አንድ ነው፤ አንባቢው የሚለየው በአገባቡ ነው። ጨርቅ በአማርኛ ፈሊጥ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው። መንገደኛ ሲሸኝ "መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ" ይባላል፤ አእምሮው ለታወከ ሰው ደግሞ "ጨርቁን ጣለ" ይባላል።

በኮምፒውተር ሙያ "ፓች" የሚባለው የፕሮግራም ማስተካከያም ስሙ ከጨርቅ መጣፍ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ሥራ የጀመረው ሐርቫርድ ማርክ 1 የሚባለው ኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀበለው በቀዳዳ ከተሞላ የወረቀት ጥቅል ነበር። ስህተት ሲገኝ የተሳሳተውን ቀዳዳ በወረቀት እራፊ ይደፍኑት ነበር። ስለዚህ ዛሬ በስልካችን ላይ የምንጭነው ማሻሻያ ቢያንስ በስሙ የድሪቶ ዘመድ ነው።

የስፌቱ ዓይነቶች

ቁራጭ ጨርቅን ለቁም ነገር ማዋል የሚቻልባቸው ሦስት ዋና ዋና ስልቶች አሉ፤ በአንድ ልብስ ላይ ሦስቱም ሊገኙ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ማገጣጠም ነው። ቁራጮቹ ጠርዝ ለጠርዝ ተሰፍተው አንድ ሰፊ ጨርቅ ይሆናሉ። አስቸጋሪው ነገር መገጣጠሙ ሳይሆን ልኩ ነው። በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ጥቂት ጨርቅ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ትንሽ የልክ ስህተት በሃያ ቁራጭ ተባዝታ ጨርቁን ታጣምመዋለች። ሁለተኛው መለጠፍ ሲሆን፣ ቁራጩ በሌላ ሙሉ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ዙሪያው ይሰፋል። ተራ መጣፍ ከዚህ ይመደባል፤ ጌጥ ሲሆን ደግሞ አበባ፣ እንስሳ ወይም ጽሑፍ እየተቆረጠ ይለጠፋል።

ሦስተኛው ደርቦ መስፋት ነው። እንግሊዝኛው "ኪልት" የሚለው መደረቢያ ብዙውን ጊዜ ሦስት ንብርብር አለው፤ እነሱም የላዩ ጨርቅ፣ መካከሉ ላይ የሚገባው ጥጥ ወይም ሱፍ፣ ከታች ደግሞ ገበሩ ናቸው። ሦስቱን የሚያያይዘው ስፌት ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ጥጡ ወደ አንድ ጥግ እንዳይሰበሰብ ይይዘዋል። የጥጥ ፍራሽ የሚሰፉ ሰዎች በረጅም መርፌ ፍራሹን ከላይ እስከ ታች እየወጉ በየቦታው የሚያስሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሙቀቱን የሚጠብቀው በንብርብሮቹ መካከል ታግቶ የሚቀረው አየር ነው።

ከሦስቱም ጋር የሚሄድ አንድ የቆየ የሙያ ጥንቃቄ አለ። ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ ሲታጠብ ይሸበሸባል፤ በአሮጌ ልብስ ላይ ከተጣፈ አሮጌውን ይስበውና ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ስለ አዲስ እራፊና ስለ አሮጌ ልብስ የተነገረው ምሳሌ በዚህ እውቀት ላይ የቆመ ነው፤ ሰሚዎቹም ነገሩን ከቤታቸው ያውቁት ነበር።

በኢትዮጵያ

ደጋው ብርድ ሆኖ ሳለ ጥጥ የተሞላ ድርብ መደረቢያ በኢትዮጵያ ያልተስፋፋው ለምንድን ነው? ዋናው መልስ ከሸማኔው ዘንድ ይገኛል። ሌላው ዓለም በመርፌ የፈታውን ችግር የኢትዮጵያ ሸማኔ በመሸመኛው ላይ ፈትቶታል። የነጠላ ስም ራሱ "አንድ" ማለት ሲሆን፣ ጋቢ ብዙውን ጊዜ ጨርቁ ተደራርቦ አራት ድርብ የሚሆን ነው። ከእሱ የሚወፍረው ቡልኮ ደግሞ ለብርድ አገር ብርድ ልብስ ሆኖ ያገለግላል። በጋቢው ንብርብሮች መካከል የሚታገተው አየር በኪልት ውስጥ ከሚታገተው የተለየ አይደለም። በባህላዊው መሸመኛ የሚወጣው ጨርቅ ጠባብ በመሆኑ ሁለት ስፋት ጎን ለጎን ተሰፍቶ አንድ ልብስ ይሆናል። ስለዚህ ጋቢም ቢሆን መገጣጠም አለበት፤ ስፌቱ ግን እንዳይታይ ይደረጋል።

ሌላው መልስ ቆዳ ነው። ጥጥ ለመግዛት አቅም ያልነበረው ሰው፣ እረኛውና የቆሎ ተማሪው፣ ከበግ ሌጦ የተሰፋ ደበሎ ይለብሱ ነበር። ደበሎ ዝናቡንም ብርዱንም ይችላል፤ ማታ ደግሞ መኝታ ይሆናል።

ድሪቶ የቀረው ሸማውም ሌጦውም ላልደረሰው ሰው፣ እንዲሁም ልብሱ ሲያልቅ ሌላ ለማይተካ ሰው ነበር። አንድ የተለየ ቦታ ግን አለው። ዓለምን ንቀው በዱርና በዋሻ የሚኖሩ ባህታውያን በቢጫ የተነከረ ወይባ ወይም የተጣፈ ድሪቶ ሲለብሱ፣ ልብሱ የማጣት ሳይሆን የመተው ምልክት ይሆናል። በአንዱ ትከሻ ላይ የሚያሳዝነው ጨርቅ በሌላው ትከሻ ላይ ያስከብራል። ይህ በኢትዮጵያ ብቻ ያለ አይደለም። የቡድሃ መነኮሳት ካሳያ የሚባለው ልብስ የሚሰፋው ከቁራጮች ነው፤ በጥንቱ ሥርዓት የተጣለ ጨርቅ ተለቅሞ ይሠራ ነበር። የእስልምና ሱፊዎችም ሙረቃዓ የሚባል የተጣፈ ካባ ነበራቸው።

በቤት ውስጥ አሮጌ ልብስ ሕይወቱ ረጅም ነው። የአባት ሱሪ ለልጅ ይጠብባል፣ ከዚያ ለመጣፊያ ይቆረጣል፣ ከዚያ ትራስ ውስጥ ይገባል፣ በመጨረሻም ወለል መወልወያ ይሆናል። በየሰፈሩ "ልዋጭ!" እያሉ የሚዞሩ ነጋዴዎች ያረጀ ልብስ ወስደው የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣሉ። በካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ የሚሠራው የጨርቅ ኳስም አይረሳም፤ ብዙ የኢትዮጵያ ተጫዋች ኳስ መምታት የጀመረው በድሪቶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመጽሐፍ ገበር ውስጥ የተረፉ ቁራጮች

ድሪቶ እስኪበጣጠስ ድረስ የሚለበስ በመሆኑ ለትውልድ አይተርፍም። ሆኖም በኢትዮጵያ የጨርቅ ቁራጭ ለዘመናት የተጠበቀበት አንድ ያልተጠበቀ ቦታ አለ፤ ይኸውም የብራና መጽሐፍ ነው። የግእዝ ብራና መጻሕፍት ሲጠረዙ በሁለት የእንጨት ገበታ ይያዛሉ፤ ገበታው በቆዳ ይለበጣል። የቆዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በገበታው ውስጠኛ ፊት መካከል አራት ማዕዘን ባዶ ቦታ ይቀራል። ጠራዦች ይህን ቦታ ብዙ ጊዜ በቁራጭ ጨርቅ ይሸፍኑታል።

ቁራጮቹ ከህንድ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከአውሮፓ የመጡ ሐር፣ በወርቅማ ክር የተሠራ ጨርቅና አበባ የታተመበት ጥጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ከተከበረ ሰው ልብስ ወይም ከቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የተረፈ ብጣሽ ለዚህ ተስማሚ ነው። በጨለማ ተዘግተው ስለሚቆዩ ቀለማቸው አይለቅም። ስለዚህ የኢትዮጵያን የጨርቅ ንግድ ታሪክ የሚያጠና ሰው መጽሐፉን ከማንበቡ በፊት ሽፋኑን ገልጦ ቢያይ ብዙ ይማራል። ነገሩ ግን ሚዛን ይጎድለዋል። የተረፈው የባለጸጋው ቁራጭ ነው፤ የእረኛው ጣፋ አልተረፈም።

በድሬዳዋና በሐረር

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ዛሬ ድሬዳዋ ወደምትባለው ቦታ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ ከሥሩ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያም "አዲስ ሐረር" ተባለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ ድሬዳዋ ለብዙ ዓመታት የሐዲዱ ዋና መድረሻና የገቢ ዕቃ መራገፊያ ነበረች።

ከተማዋን የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በጣቢያው ዙሪያ ያለው ከዚራ በፈረንሳዮች የምድር ባቡር ሰዎች ፕላን የተሠራ፣ መንገዱ ቀጥ ያለና በዛፍ የተጠለለ ሰፈር ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ ገበያውን ይዞ በራሱ መንገድ አደገ። በከተማዋ ንግድ ከኢትዮጵያውያን ጋር ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ህንዶችና የመኖች ይሠሩ ነበር።

በባቡሩ ከገቡት ዕቃዎች ዋነኛው ጨርቅ ነበር። በተለይ አቡጀዲ የሚባለው ያልነጣ የፋብሪካ ጥጥ ጨርቅ በዚያ ዘመን በአብዛኛው የአሜሪካ ምርት ነበር። በሮበርት ስኪነር የተመራው የአሜሪካ መልእክተኛ ቡድን እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ በበቅሎ ተጉዞ በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም የጨርቅ ገበያው ከዋና ዋና ጉዳዮቹ አንዱ ነበር። አቡጀዲ ከሸማ ይልቅ ለመቁረጥና ለመስፋት ይመቻል። ሸማ የሚለበሰው በመጣፋት ስለሆነ ብጣሽ አይተርፈውም፤ በልክ የሚሰፋ ሸሚዝና ሱሪ ግን ከብብትና ከአንገት ሥር የሚተርፍ ቁራጭ አለው። ስለዚህ ብጣሽ በብዛት የመጣው ከፋብሪካ ጨርቅና ከስፌት መኪና ጋር ነው።

የስፌት መኪናው ታሪክ በድምፁ ጭምር ተመዝግቧል። በጎረቤት ሐረር፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ልብስ ሰፊዎች በሁለት ወገን ተደርድረው የሚሠሩበት ጠባብ መንገድ "መኪና ግርግር" ይባላል፤ ስሙ ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት የወጣ ነው። ደንበኛው ከጎን ካሉት ሱቆች ጨርቅ ገዝቶ ሰፊው ዘንድ ይቀመጣል፤ ልብሱ እዚያው ይቆረጣል፣ እዚያው ይሰፋል። በድሬዳዋም እንደ ብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ሰፊው በእግር የሚረገጥ መኪናውን ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቶ ይሠራል። ከሥሩ የሚከማቸው ብጣሽ ዝም ብሎ አይጣልም፤ ትራስና ፍራሽ መሙያ፣ የዕቃ መያዣ፣ አለዚያም መጣፊያ ይሆናል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ስለሆነች የተደረበ ልብስ እንደ ደጋው አያስፈልጋትም። እዚህ ቁራጭ ጨርቅ የሚፈለገው ከሙቀት ይልቅ ለመቀመጫ፣ ለመጋረጃና ለጥላ ነው።

በሐረር ያለው የስፌት ባህል ጌጥም አለው። የሐረሪ ሴቶች ባህላዊ ቀሚስ በሁለት ገጹ ሊለበስ እንዲችል ተደርጎ ይሠራል፤ አንዱ ገጽ ጥቁር፣ ሌላው ቀይ ሊሆን ይችላል። ድሪቶ ባይሆንም ገበርን ከመደበቅ ይልቅ እንደ ሁለተኛ ልብስ መጠቀም ከደርቦ መስፋት ጋር የሚቀራረብ ብልሃት ነው።

በጣልያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ከዚያም በኋላ ለአሥርት ዓመታት ከአገሪቱ ትላልቅ የጥጥ ፋብሪካዎች አንዱ ሆኖ ብዙ ሠራተኛ አስተዳደረ። ዛሬ ደግሞ ብጣሽም እራፊም የሚገፋ ሌላ ዕቃ አለ። በቦንዳ ታስሮ የሚመጣው የውጭ አገር ውራጅ፣ በሰፊው አጠራር ሰልባጅ፣ ወደ አገር ማስገባቱ በሕግ ቢከለከልም ከባሕሩ አቅጣጫ በኮንትሮባንድ ይገባል። ሰልባጅ የሚለው ስም ከእንግሊዝኛው "ሳልቬጅ" የመጣ ነው። ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ርካሽ አዲስ ልብስም ሞልቷል። ሱሪ ከማስጠፍ ሌላ መግዛት ሲቀል የመጣፍ ሙያ ይቀንሳል። ሰፊዎቹ አሁን ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት ማሳጠር፣ ማጥበብና ዚፕ መቀየር ነው።

የደርቡሾች ጅባ

ድሪቶ በኢትዮጵያ ታሪክ ላይ በጦር ሜዳ የታየበት ጊዜም አለ። በሱዳን ሙሐመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1881 ራሱን ማህዲ ብሎ ሲያውጅ ተከታዮቹ ጅባ የሚባለውን የተጣፈ እጀ ጠባብ እንዲለብሱ አዘዘ። የሐሳቡ ምንጭ ከላይ የተጠቀሰው የሱፊዎች ሙረቃዓ ነው። መጀመሪያ ጣፋው እውነተኛ ነበር፤ ጨርቅ ሲቀደድ የሚደረግ ጥገና ነበር። ማህዲው ከሞተ በኋላ፣ በኸሊፋ አብዱላሂ ዘመን ግን ጅባው የደንብ ልብስ ሆነ። ሰማያዊ፣ ቀይና ጥቁር ቁራጮች በነጩ ጥጥ ላይ በግራና በቀኝ እኩል ይለጠፉ ጀመር። የአለቆቹ ጅባ በደንብ የተሰፋና ጌጥ ያለበት ስለነበር ከተራው ወታደር ይለይ ነበር። ሁሉን እኩል ያደርጋል የተባለው ጣፋ መልሶ የማዕረግ ምልክት ሆነ።

ኢትዮጵያውያን "ደርቡሽ" የሚሏቸው እነዚህ ናቸው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ሲዋጉና ሲቆስሉ ከፊታቸው የተሰለፈው ጦር ይህን የተጣፈ ልብስ የለበሰ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1898 በኦምዱርማን ማህዲስቶቹን ካሸነፉ በኋላ ብዙ ጅባ በምርኮ ወሰዱ፤ ስለዚህ የሱዳን ድሪቶ ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየሞች ይገኛል። የተረፈውም በምርኮነቱ ነው።

በህንድ

በቤንጋል ካንታ የሚባለው መደረቢያ ከአሮጌ ሳሪ ይሠራል። ያረጁ ሳሪዎች ይደራረባሉ፤ መርፌው ወጣ ገባ እያለ ቀጥ ብሎ በሚሄድ ቀላል ስፌት ይያያዛሉ። ለጥልፉ የሚሆነው ባለቀለም ክርም ቢሆን በጥንቱ ልማድ ከአሮጌው ሳሪ ጠርዝ ላይ ተመዞ የሚወጣ ነው። በመጀመሪያ የሕፃን መጠቅለያና የቤት መደረቢያ የነበረ ሲሆን ሴቶቹ ሕይወታቸውንና ተረታቸውን ይጠልፉበት ጀመር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው በደቡብ ምዕራብ ህንድ፣ በካርናታካ፣ የሚኖሩት የሲዲዎች ሥራ ነው። ሲዲዎች ከአፍሪካ በባርነት፣ በወታደርነትና በመርከበኛነት የሄዱ ሰዎች ዘሮች ሲሆኑ በህንድ "ሐብሺ" ተብለውም ይጠሩ ነበር፤ ቃሉ ከ"ሐበሻ" የመጣ ነው። ከእነዚህ ሰዎች በታሪክ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወልዶ በባርነት የተሸጠው፣ በኋላ ግን የአሕመድናጋር መንግሥት አለቃ እስከ መሆን የደረሰው ማሊክ አምባር ነው። ሆኖም ስፌቱ ከሐበሻ አገር ሄደ ማለት አይደለም። የካርናታካ ሲዲዎች አያቶች በአብዛኛው በፖርቱጋሎች ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ ወደ ጎዋ የተወሰዱና ከዚያ ወደ ጫካ ያመለጡ ናቸው።

የሲዲ ሴቶች መደረቢያ ካዋንዲ ይባላል። አሠራሩ ከተለመደው ይለያል። ሌሎች ቁራጮቹን አስቀድመው አገጣጥመው በኋላ ሲደርቡ፣ የሲዲ ሴት ግን ገበሩን ዘርግታ ከአንዱ ጥግ ትጀምርና ቁራጮቹን እያስቀመጠች፣ ዙሪያውን እየዞረች፣ ወደ መካከል ትሰፋለች። መገጣጠሙም መደረቡም በአንድ ጊዜ ያልቃል። በአራቱ ማዕዘን ላይ ታጥፎ የሚሰፋ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ይጨመራል፤ "ፉላ" ይሉታል፣ አበባ ማለት ነው። ፉላ የሌለው መደረቢያ እርቃኑን እንደቀረ ይቆጠራል።

በጃፓን

በሰሜን ጃፓን ብርዱ ከባድ ነው፤ ጥጥም አይበቅልም። ገበሬዎቹ የሚለብሱት ሻካራ የሄምፕ ጨርቅ ስለነበር ከደቡብ የሚመጣ አሮጌ ጥጥ ጨርቅ እንደ ውድ ዕቃ ይገዛ ነበር። ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየተደረበ በነጭ ክር ይሰፋል፤ ስፌቱ ሳሺኮ ይባላል። በትውልድ ላይ ትውልድ ሲጣፍ የኖረው ሰማያዊ ልብስ ደግሞ ቦሮ ይባላል፤ ቡቱቶ እንደ ማለት ነው። ጃፓን ስትበለጽግ ባለቤቶቹ አፍረውበት ደበቁት፣ አቃጠሉት። ታናካ ቹዛቡሮ የተባለ ሰው ግን በአኦሞሪ የገጠር ቤቶች እየዞረ ሰበሰበው፤ ስብስቡም በኋላ በቶኪዮ ለሕዝብ ታየ። ዛሬ የቦሮ ሰማያዊ ጣፋ ውድ ልብስ የሚሠሩ ፋሽን ቤቶች የሚኮርጁት ነው።

በአሜሪካ

በአሜሪካ ይህ ሙያ ከአውሮፓ ሰፋሪዎች ጋር ቢመጣም ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የራሳቸው አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1837 በጆርጂያ በባርነት የተወለደችው ሐሪየት ፓወርስ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን እየቆረጠች በመለጠፍ የሠራችው ኪልት በ1886 በአንድ የጥጥ ዐውደ ርእይ ላይ ታየ። አንዲት የሥዕል መምህርት ልትገዛው ብትጠይቅ እምቢ አለች። ከዓመታት በኋላ ግን ችግር ሲጠናባት 10 ዶላር ጠየቀች፤ የተከፈላት 5 ዶላር ነበር። ከሸጠችው በኋላም ልታየው ትመላለስ እንደነበር ገዢዋ ጽፋለች። ኪልቱ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም ይገኛል፤ ሁለተኛው ሥራዋ በቦስተን የጥበብ ሙዚየም ነው። በጨርቅ ላይ ምስል የመለጠፉ ስልት በምዕራብ አፍሪካ፣ በዳሆሜ ቤተ መንግሥት ይሠራ ከነበረው ጋር እንደሚመሳሰል ተመራማሪዎች ይጠቅሳሉ።

በአላባማ ጂስ ቤንድ የሚባለው መንደር በሦስት ወገን በወንዝ የተከበበ ነው። ነዋሪዎቹ በፔትዌይ እርሻ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ዘሮች ሲሆኑ ብዙዎቹ የጌታውን ስም እንደያዙ ናቸው። ሴቶቹ ያረጀ የሥራ ልብስ፣ ጉልበቱ የነተበ ጂንስ ጭምር፣ እየቆረጡ ኪልት ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መንደርተኞቹ ለምርጫ መመዝገብ ሲጀምሩ ወደ ከተማው የሚያሻግራቸው ጀልባ እንዲቆም ተደረገ፤ የተመለሰው በ2006 ነው። በ1966 ሴቶቹ የስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ገቡ። በ2002 ሥራቸው በሂውስተን የጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀረበ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት የኪልቶቹን ምስል በቴምብር አወጣ።

እ.ኤ.አ. በ1987 በዋሽንግተን የተዘረጋው የኤድስ መታሰቢያ ኪልትም የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ የመቃብር ያህል ስፋት ኖሮት የሟች ስም ይይዛል። መጀመሪያ ሲታይ 1,920 ቁራጭ ነበረው፤ አሁን ወደ 50,000 ደርሷል።

ሌሎች

በካይሮ፣ ባብ ዙወይላ አጠገብ፣ ድንኳን ሰፊዎች የሚሠሩበት መንገድ አለ፤ የሚለጥፉት ጌጠኛ ጨርቅ ኸያሚያ ይባላል፣ ወንዶች የሚሠሩትም ነው። በኮሪያ ከብጣሽ የሚሰፋው መጠቅለያ ጆጋክቦ ይባላል። በቻይና ለሕፃን ከብዙ ቤት ቁራጭ ተለምኖ የሚሰፋ "የመቶ ቤት ልብስ" ነበር፤ የሁሉም ቤት ምርቃት ሕፃኑን ይጠብቀዋል ተብሎ ይታመን ነበር። በጋና የፋንቴ ወታደራዊ ማኅበራት በባንዲራቸው ላይ ተረትና ምሳሌ በጨርቅ ይለጥፋሉ። ከቦርኑ እስከ ዳርፉር ባለው አገር ደግሞ ጥጥ መሰል ነገር ተሞልቶ የተሰፋ ድርብ ልብስ ለፈረስና ለፈረሰኛ ጥሩር ሆኖ አገልግሏል።